ወንዙ መሀል የቆመው አረንጓዴ መስመር

ወልደ ኢየሱስ የሚባሉ ገበሬ እንዲህ ይላሉ፦ መምህር ምሳው ወንዙ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ቦርሳውን አናቱ ላይ ይዞ ገባ። መሀል ሲደርስ ቦርሳው ብቻ ታየኝ። ከዚያ ቦርሳውም ጠፋ።

ዓይናዲስ የምትባል ጠላ ሻጭ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ ከዚያ በኋላ በዋለው የዝቋላ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳው ደጃፌ ላይ ቆሞ ነበር። ልብሱ በስብሶ ውሃ ያንጠባጥባል። ጠላ ላቅርብልህ አልኩት። «ጠጥቻለሁ» አለኝና ሄደ።

ሁለቱም ምለዋል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁለቱም ለመዋሸት ምክንያት የላቸውም።

የምነግራችሁ ነገር የሆነ ነው። እመኑኝ ብዬ አልሟገትም። ባታምኑም አልቀየምም፤ እኔም ብሆን ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር። ግን ቅዳሜ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን እየጠበሰው፣ አራት ሆነን ነው ያየነው። ሌሊት አልነበረም። ብቻዬን አልነበርኩም። አልጠጣሁም።

ስሜ ዝናቡ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ኮምፒውተር ተምሬ እንደጨረስኩ የተመደብኩት ሰቆጣ ነው። የምሠራበት ማዕከል መምህር ላነሰባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች የቪዲዮ ትምህርት ያዘጋጃል። መምህሩ ላፕቶፕ ፊት ቁጭ ብሎ ያስተምራል፤ ስክሪኑ ላይ የሚጽፈውና የሚስለው ከድምፁ ጋር አብሮ ይቀረጻል። ከዚያ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጫንና በእግርም በአህያም ወደ ትምህርት ቤቶቹ ይሄዳል።

ምሳው የጂኦግራፊ መምህራችን ነበር።

ነበር ልበል፣ ነው ልበል... እስካሁን አልወሰንኩም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ወንዙ ገና ሙሉ ሳለ፣ ካርዶቹን ይዞ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ዝቋላ ወረደ። አልተመለሰም። አስከሬኑም አልተገኘም።

እናቱ እማማ ታይቱ ይባላሉ። አስከሬን ስላልተገኘ መርዶ የሚያረዳቸው ጠፋ። መርዶ ካልተረዱ ለቅሶ መቀመጥ አይችሉም። ጥቁር አይለብሱም፤ ነጭም አይለብሱም። ሰርግ ቢጠሩ አይሄዱም፤ ለቅሶ ቤትም አይሄዱም። «ልጅዎ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። «ነፍስ ይማር» የሚላቸውም የለም። እንዲሁ መሀል ላይ ቆመው ቀሩ።

እህቱ ደመቀች ከኔ ጋር ነው የምትሠራው። ሳይንስ ታስተምራለች። የማዕከሉ ኃላፊ ኪዳኑ ደግሞ ከምሳው ጋር አብሮ ያደገ ጓደኛው ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሰኞ፣ ከሥራ ስንወጣ፣ ኪዳኑ ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ሳበኝ።

«እሑድ ጎህ ሲቀድ እማማን ልናረዳ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

«በወልደ ኢየሱስ ቃል ብቻ?»

«በምን ይሁን ታዲያ? ወንዙ ወረቀት አይሰጥ።»

«ዓይናዲስስ?»

«ገበያ ቀን ጠላ ሻጭ ፊት ስንት ሰው ይቆማል ዝናቡ? ሌላ ሰው አይታ ነው።»

«ደመቀች ምን አለች?»

«እስከ ቅዳሜ ላስብ ብላለች። እሷ እሺ ሳትል ሽማግሌ አይነሳም።» ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «ደግሞ በሩ አለ...»

«የምን በር?»

ግራ ቀኝ አየ።

«በኛ ሰፈር፣ ውሃ የወሰደው ሰው መርዶው እስኪነገር የቤቱ በር ሲመሽ ይዘጋል። አንድ ቀን እንኳ አይረሳም። እማማ እስካሁን ዘግተዋል። ግን ደክሟቸዋል... ባለፈው ሳምንት ጨልሞ ሳልፍ በሩን በእጃቸው ይዘው ቆመው አየኋቸው። ሊዘጉት ነው ወይስ ሊከፍቱት፣ አልገባኝም። እኔው ገፍቼ ዘጋሁት።»

«ባይዘጋስ ምን ይሆናል?»

«እኔ አልጠየቅኩም» አለኝ። «አያቴም አልጠየቀችም።»

ሳቄ ሊመጣ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ደመቀች ከመቅረጫ ክፍሉ ተጣራች። ክፍሉ ድምፅ እንዳያስገባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው ጠባብ ክፍል ነው።

«ዝናቡ፣ ና እስኪ። ቪዲዮው ዓይኑን ያርገበግባል።»

«ከመብራት ኃይል የተማረው ነው!» አለ ኪዳኑ ከውጭ።

አየሁት። እውነቷን ነው። ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር የቀረጸችው ትምህርት በየመሀሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ስክሪኑ ራሱ ግን ደህና ነው። ስትስል አይርገበገብም። የሚርገበገበው የተቀረጸው ብቻ ነው።

ይህ የታወቀ ችግር ነው። ላፕቶፑ ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣለት ሁለት የግራፊክስ ካርድ አለው፤ አንዱ ኃይለኛ፣ አንዱ ደካማ። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ለመቆጠብ ወደ ደካማው ይዞራል። መስከረም ላይ ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎ አዲስ ገጥሜለት ነበር። ዊንዶውስም እንደ አዲስ ስጭን ትክክለኛውን ድራይቨር አላገኘሁም፤ ዊንዶውስ በራሱ የሰጠኝን ተውኩት። ድራይቨር ማለት በግራፊክስ ካርዱና በኮምፒውተሩ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። አስተርጓሚው ቋንቋውን በደንብ ካልቻለ፣ መቅረጫው «አሁን ያለውን ምስል ስጠኝ» ሲለው አንዳንዴ ጥቁር ይሰጠዋል። አንዳንዴ ደግሞ ከቅድም የተረፈ አሮጌ ምስል ይሰጠዋል።

ይህን ለደመቀች አስረዳኋት። ገባት።

ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበትን ቁጥር ቀየርኩ። አልተስተካከለም። መቅረጫው በግራፊክስ ካርዱ እንዳይጠቀም አደረግኩ። ባሰበት። ላፕቶፑን ፈትቼ ውስጡን በብሩሽ ጠረግኩ፤ ኪቦርዱን ሳይቀር አንስቼ አቧራውን አራገፍኩ። ያው ነው። ትክክለኛው ድራይቨር ግድ ሆነ። የሰቆጣ ኢንተርኔት ደግሞ እሱን የሚያህል ፋይል አያወርድም፤ ወልድያ ላለ ጓደኛዬ ደወልኩና በፍላሽ አድርጎ በሚኒባስ እንዲልክልኝ ለመንኩት።

«ቅዳሜ ይደርስሃል» አለኝ።

እስከዚያው ረቡዕ ዕለት ቪዲዮውን ከፍቼ ምስል በምስል ማየት ጀመርኩ። ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚተላለፉ ብዙ ፎቶዎች ናቸው። አንድ በአንድ እያስቆሙ ማየት ይቻላል።

የልብ ሥዕል።

የልብ ሥዕል።

ጥቁር።

የልብ ሥዕል።

ጥቁር።

ነጭ...

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ።

ነጩ ምስል ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነበር። በግራ በኩል ካለች ትንሽ ቤት ተነስቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መንገዱ ዳር አንዲት ዛፍ ተስላለች። መስመሩ ዛፏን እንዳለፈ ያበቃል።

ደመቀችን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«የወንድምዓለም እጅ ነው» አለች፤ ምሳውን የምትጠራው እንደዚያ ነው።

ድምጿ አልተለወጠም። «ዝናብ ዘነበ» እንደምትል ነው ያለችው።

ማን እንደሳለው ለማወቅ እኔም አልቸገረኝም። ምሳው ማንኛውንም ትምህርት በካርታ ነበር የሚጀምረው። የድሮ ቪዲዮዎቹ በሌላ ዲስክ ላይ አሉ። አንዱን ከፈትን። ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

«ልጆች፣ ሁሉም መንገድ ከእናት ቤት ይጀምራል። ይቺ የእናቴ ቤት ናት። በሩን መጨረሻ ላይ ነው የምስለው። ለምን? ወጥቼ መዝጋት አለብኛ! በሉ እንሂድ...»

ከዚያ አረንጓዴው መስመር ከቤቱ ይነሳል። ያረፈበት ቦታ ሁሉ ላይ ትንሽ ዛፍ ይስላል። ወንዙን ይሻገራል፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ይደርሳል።

ደመቀች እስኪያልቅ ሰማችና ዘጋችው።

«የተረፈ አሮጌ ምስል ነው ያልከው ነገር ይሄ ነው?» አለችኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኳት።

ሊሆን አይችልም ነበር። የተረፈ ምስል ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ምሳው ከሄደ ወዲህ ይህ ላፕቶፕ ስንቴ ጠፍቶ በራ። ዲስኩም አዲስ ነው። አዲሱ ዲስክ ምሳውን አያውቀውም።

ይህን በልቤ አሰብኩ። መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ጥጥ ያለ ነገር የገባ መሰለኝ፤ ሌላ ምንም።

ሐሙስ ሌላ ትምህርት ተቀረጸ። አሁንም ነጭ ምስል ተገኘ። መስመሩ ረዝሟል። ሁለተኛ ዛፍ ተጨምሯል።

ዓርብ ጠዋት ሌላ ተቀረጸ። መስመሩ ሁለት የሚወዛወዙ መስመሮች ጋ ደረሰ። ምሳው ወንዝ የሚስለው እንደዚያ ነበር። አረንጓዴው መስመር በሁለቱ መካከል ገባና...

ቆመ። ወንዙ መሀል።

ዓርብ ከሰዓት ሁለት ትምህርት ቀረጽን። እዚያው ነው። አልተንቀሳቀሰም።

ኪዳኑን ጠራነው። ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ቆሞ አየው፣ አየው፣ አየው።

«ይኸው» አለ በመጨረሻ። «ወልደ ኢየሱስም ያሉት ይሄንኑ ነው።»

ወደ እህቱ ዞረ።

«ደመቀች... እህቴ... ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ደመቀች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«እሺ» አለች ከነጠላው ውስጥ። «እሑድ ይሁን።»

አላለቀሰችም። መርዶ ሳይነገር አይለቀስም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መናኸሪያ ሄጄ ፍላሹን ከሚኒባሱ ረዳት ተቀበልኩ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ወደ ማዕከሉ ስመለስ ደመቀችና ኪዳኑ መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚያወሩት ስለ ድንኳን ነበር።

ፍላሹን ሰካሁ። ፋይሉ ላይ አንዴ ብጫን ያበቃል። ትክክለኛው ድራይቨር ይገባል፤ መርገብገቡ ይቆማል፤ ያ መስመርም ዳግመኛ አይታይም።

ግን አልጫንኩትም።

የአንድ ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይሆንልኝም፤ ጠባዬ ነው። ወልደ ኢየሱስን ሰምተናል። ዓይናዲስን ግን ማንም አልሰማትም።

«አንድ ጊዜ ልቅረጽና ከዚያ እጭነዋለሁ» አልኩ።

«ምን ልትቀርጽ?» አለ ኪዳኑ።

«ምንም።»

ባዶ ነጭ ገጽ ከፈትኩና መቅረጫውን አስነሳሁ። ሦስታችንም እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ውጭ ባጃጅ አለፈ። የሆነ ሰው ፍየል እየነዳ ሄደ። አስቆምኩት።

ምስል በምስል ሄድኩ።

ነጭ። ነጭ። ጥቁር። ነጭ...

መስመሩ ከወንዙ ወጥቷል።

በማዶ በኩል ወጥቶ አንዲት ነጥብ ጋ ደርሷል። ገበያው ያለበት ቦታ ነው። ከነጥቧ ላይ ታጥፎ፣ ወንዙን ከታች በኩል ተሻግሮ፣ ወደ ግራ ተመልሷል። ከመጀመሪያው መስመር ሥር ሥሩን ነው የሚመጣው። ወደ ሰቆጣ።

«ዓይናዲስ...» አለች ደመቀች።

«ሁለቱም አልዋሹም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር የመሰለኝ።

ኪዳኑ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። የተሰቀለው ብርድ ልብስ አብሮት ተንሸራተተ።

ደመቀች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ዛፎቹን አየሃቸው?»

«አይቻለሁ።»

«ለምን ወደታች ሆኑ?»

«አላውቅም።»

በሄደበት መንገድ ላይ ያሉት ዛፎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። በሚመለስበት መንገድ ላይ ያሉት ግን ተገልብጠዋል። ግንዳቸው ወደ ላይ፣ ቅጠላቸው ወደ ታች። ውሃ ዳር የቆመ ዛፍ ውሃው ውስጥ እንደሚታየው።

«ጫነው» አለ ኪዳኑ። «አሁኑኑ ጫነው ዝናቡ።»

«እናቴ ሳታይ?» አለች ደመቀች።

«አብደሻል? ይሄን ነው እማማ የሚያዩት?»

«ነገ ልጅሽ ሞቷል ልትላት አይደለም ወይ የምትመጣው? ታዲያ ትየዋ! እኔ እንኳን ከዛሬ ወዲያ ዓይኗን ማየት አልችልም።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ኪዳኑ አልከለከላትም።

እማማ ታይቱ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ፀሐይ በመስኮቷ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። እማማ ቀጭን ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ ከለከልኳቸው።

«ይግቡ እማማ። ይቀመጡ።»

«እንዴት ዋልክ ልጄ? የደብረ ታቦሩ አንተ ነህ አይደል? ምሳው ያወራልኝ ነበር። ሰው ሲከራከር ዳኛ ይሆናል ይለኝ ነበር።»

ወንበር ሳብኩላቸው።

ማንበብ አይችሉም። መንገዱን ግን ያውቁታል፤ በወጣትነታቸው ማሽላ ጭነው ተመላልሰውበታል። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው በመስመሩ ሄዱ።

«ይቺ ሾላዋ ናት... ይሄ ዋርካው... እዚህ ጋ ምንጭ አለ፤ አልሳለውም... ይሄ ወንዙ...»

ወንዙ ላይ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ገበያው ጋ ደረሰ። ታጠፈ። የተገለበጡት ዛፎች ጋ ሲደርሱ ምንም አላሉም። መስመሩ ያበቃበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እዚህ ደርሷል» አሉ። «ከሾላዋ ወዲህ ነው። ቅርብ ነው።»

ደመቀች ፊቷን አዞረች።

«እማማ» አለ ኪዳኑ፣ «ይሄ የማሽን ብልሽት ነው። ዝናቡ መድኃኒቱን አግኝቶለታል። አሁን ያስተካክለዋል።»

እማማ ወደኔ ዞሩ።

«ይሄን ስታስተካክለው ልጄ ይቆማል ወይስ ይደርሳል?»

ብዙ ጥያቄ ተጠይቄ አውቃለሁ። እንደዚህ ያለ ግን...

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው አንድ ጊዜ አሳየኝ። ከዚያ እንደፈለግህ።»

«እማማ፣ ይቅርብዎ...» አለ ኪዳኑ።

«ቆይ አንተ! ከእናቱ በላይ አትቸኩል።»

ባዶውን ገጽ ከፈትኩ። መቅረጫውን አስነሳሁ። አራታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ነጩ ስክሪን ላይ ምንም አይታይም። አይርገበገብም። የእማማ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ደግሞ አንድ ሌላ ድምፅ... ጠብ... ጠብ... የሚል። ክፍሉ ውስጥ ውሃ የለም። ውጭም ዝናብ የለም። ኅዳር ነው።

ኪዳኑ ወደኔ አየ። ሰምቷል።

አስቆምኩት። ድምፁም ቆመ።

ነጭ። ጥቁር። ጥቁር። ጥቁር...

ከዚያ ያ ምስል መጣ።

መስመሩ ደርሷል። ከላይ የመጀመሪያዋ ቤት አለች፣ በሯ ዝግ ነው። ከሥሯ ሌላ ቤት ተስላለች። ተገልብጣለች፤ መሠረቷ ከላይኛዋ መሠረት ጋር ተነካክቷል፣ ጣሪያዋ ወደ ታች ነው። አረንጓዴው መስመር የታችኛዋ ቤት ግድግዳ ላይ ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ቆሟል።

ይቺ ቤት በር የላትም። በሩ ያለበት ቦታ ክፍት ነው፤ ገና አልተሳለም።

«ይሄ ምሳው አይደለም» አለ ኪዳኑ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «እማማ፣ ይዩት እስኪ... ሁሉም ነገር ተገልብጧል። ይሄ እሱ አይደለም።»

እማማ አልሰሙትም። ስክሪኑን ትኩር ብለው እያዩ በኽምጣንኛ አንድ ነገር አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ የታመመ ልጅ ሲያናግሩ እንደሚባለው።

እኔ ቋንቋውን አልችልም።

«ምን አሉ?» አልኳት ደመቀችን።

ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሳችም።

«እኛ ነን ገልብጠን የያዝንህ... አለችው።»

እማማ ከወንበራቸው ተነሱ። ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ከጎንና ከጎን ያዙትና አዞሩት። ላይኛውን ታች፣ ታችኛውን ላይ አድርገው።

ከኪቦርዱ ቁልፎች መካከል አሸዋ ፈሰሰ።

ጥቂት ነው። ግን ፈሰሰ። ጠረጴዛው ላይ ወደቀና እዚያው ተጣበቀ። እርጥብ ነበር።

ያን ኪቦርድ እኔው በእጄ ነው ፈትቼ የጠረግኩት። ያ ላፕቶፕ ደግሞ ከዚያ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ምሳው ይዞት አልሄደም።

ስክሪኑን አየሁ። አሁን የመመለሻው መንገድ ከላይ ሆኗል። ዛፎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቤቷም በመሠረቷ ቆማለች። የተገለበጠው የኛው ነው። የተዘጋችው ቤት፣ የሄደበት መንገድ፣ ሾላዋ... ሁሉም ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

እማማ ከአሸዋው ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። አሸተቱት። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

«በሩን አልሳለውም» አሉ። «ለኔ ትቶልኛል።»

«እማማ፣ እባክዎ» አለ ኪዳኑ። ይህን ሲል ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «እባክዎ ይስሙኝ። ሲመሽ እኔ መጥቼ...»

እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ ደስታም ሐዘንም አልነበረም። ፍላሹ አሁንም ላፕቶፑ ላይ እንደተሰካ ነው፤ ትንሿ መብራቱ ትበራለች፣ ትጠፋለች።

ከመካከላችን ስለ እሑዱ ማንም አልነገራቸውም ነበር። በር ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ እንዳትመጡ» አሉ። «እኔ ዛሬ ሲመሽ በሬን አልዘጋም።»